የአውቶቡሱ ማሞቂያ

ለጥቂት ዓመታት ሥራዬ የሰው ልደትና ሞት መልቀም ነበር። አንድ የራዲዮ ዝግጅት ላይ በየማለዳው ሦስት ደቂቃ ነበረችኝ፤ በዛሬዋ ቀን በሙዚቃው ዓለም ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ምን ደረሰ የምትል። ማታ ደብተሬን ዘርግቼ የነገዋን ቀን እፈልጋለሁ፤ ሦስት አራት ስም አወጣለሁ፤ መሐል ላይ የሚሰማ ዘፈን እመርጣለሁ፤ አለቀ። ዝግጅቱ ከተቋረጠ ቆይቷል፣ ደብተሩ ግን አሁንም አለ። ሰሞኑን አውጥቼ ሳገላብጠው አፈርኩ። እያንዳንዱ ሰው የሞተበት ቀን ተጽፏል፣ ዕድሜው ተጽፏል፣ የሞተበት ከተማ ተጽፏል። እንዴት እንደሞተ ግን «በአሳዛኝ አደጋ» ከምትል ሐረግ አያልፍም። አንድ ገጽ ላይ ብቻ አምስት ጊዜ ጽፌያታለሁ።

(እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።)

ሥራውን እንደጀመርኩ ቶሎ የገባኝ ነገር ልደት እንደማይሸጥ ነው። ልደት ወሬ የለውም፤ ሰው ሲወለድ ዘፋኝ አይደለምና። ጃንዋሪ 8 ቀን 1935 ቱፔሎ በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ፣ ሁለት ክፍል ባላት የእንጨት ቤት ውስጥ አንዲት ሴት መንታ ወለደች። ቀድሞ የወጣው ልጅ፣ ጄሲ ጋሮን፣ ሞቶ ነበር። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ሁለተኛው ወጣ፤ ኤልቪስ አሉት። ያን ዕለት በዚያ ቤት የነበረው ዋና ነገር ሐዘን ይመስለኛል። አንድ ሕፃን ለቀብር እየተዘጋጀ ሌላው ጡት ይጠባል። እኛ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ የሆነውን ይዘን ወደ ኋላ ተመልሰን «የሮክ ንጉሥ ተወለደ» እንላለን። ይህን ጽፌ ሳቀርብ የዝግጅቱ ኃላፊ «ጥሩ ነው፣ ግን ልደቱን አሳጥረውና አሟሟቱን ጨምርልኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አድማጭ ደውሎ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ስለ አሟሟት ነው።

እናም አሟሟት ጨመርኩ። በተለይ ፌብሩዋሪ 3ን በየዓመቱ ሳልሰለች እደግመው ነበር።

ታሪኩን ያልሰማ ካለ፦ በ1959 ፌብሩዋሪ 3 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ክሊር ሌክ ከምትባል ከተማ አጠገብ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተነስታ ደቂቃዎች ሳትቆይ የበቆሎ ማሳ ላይ ተከሰከሰች። ሦስት የሮክ ዘፋኞች፣ የ22 ዓመቱ በዲ ሆሊ፣ የ17 ዓመቱ ሪቺ ቫለንስና ቢግ ቦፐር በሚል ስም የሚታወቀው የ28 ዓመቱ ጄ ፒ ሪቻርድሰን ሞቱ። አብራሪው ሮጀር ፒተርሰንም አብሮ ሞተ፤ እሱ 21 ዓመቱ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ዶን ማክሊን ያቺን ቀን «ሙዚቃ የሞተበት ቀን» ብሎ ዘፈነባት፤ ስሟም በዚያው ጸና።

እኔም ለዓመታት እንዲያ ነበር የማወራት። ሙዚቃ የሞተበት ቀን፣ ዕጣ ፈንታ፣ ሦስት ኮከቦች፣ በረዶ። ሦስት ደቂቃዬን በደንብ ትሞላለች። ከሦስት ደቂቃው የሚተርፈው ግን ከተነገረው ይልቅ ከባድ ነበር።

በዲ ሆሊ ያን ክረምት ቱር የወጣው ገንዘብ ስለቸገረው ነው። ከቀድሞ ሥራ አስኪያጁ ጋር ተጣልቶ የሙዚቃ ገቢው እጁ አልገባም ነበር፤ ካገባ ስድስት ወር ያልሞላው ሰው ነው፣ ሚስቱ ማሪያ ኤሌና ነፍሰ ጡር ነበረች። ቱሩ ደግሞ በየምሽቱ አንድ ከተማ፣ ያለ ዕረፍት፣ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የክረምት እምብርት ላይ የተሰካ ነው። የከተሞቹን ቅደም ተከተል በካርታ ላይ በእርሳስ ለማገናኘት ሞክሬ ነበር። ዊስኮንሲን፣ ሚኒሶታ፣ ወደ ዊስኮንሲን መመለስ፣ እንደገና ሚኒሶታ፣ አይዋ፣ ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲን፣ አይዋ። ካርታውን ያላየ ሰው ያወጣው ይመስላል። እርሳሴ እየተመላለሰ ወረቀቱን ቀደደው።

አውቶቡሱ ማሞቂያ አልነበረውም፤ ወይም ነበረውና አይሠራም። አውቶቡሱ ሲበላሽ ሌላ ይመጣል፣ እሱም ይበላሻል። ከዱሉዝ ኮንሰርት በኋላ ሌሊት ዊስኮንሲን ውስጥ ጭር ያለ መንገድ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ነበር። ተሳፋሪዎቹ እንዳይሞቱ አውቶቡሱ ውስጥ ጋዜጣ እያነደዱ ሞቁ። የሆሊ ድራመር ካርል በንች እግሮቹ በብርድ ተጎድተው ሆስፒታል ገባ፤ ከበሮውን ሌሎቹ እየተቀባበሉ መምታት ጀመሩ።

ይህ ሁሉ በሆነ በሁለተኛው ቀን ነው ሆሊ አውሮፕላን ልከራይ ያለው። ቀጣዩ ኮንሰርት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቀድሞ ከደረሰ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ የተጠራቀመ የቆሸሸ ልብሱን ያሳጥባል። በቃ። ኪራዩ በሰው 36 ዶላር ነበር። የሮክ ሙዚቃ ትልቁ አፈ ታሪክ ሲገላለጥ ከሥሩ የሚገኘው ንጹሕ ካልሲ የናፈቀው ሰው ነው።

ቦታ የነበረው ከአብራሪው ሌላ ለሦስት ሰው ነው። ለሆሊ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ዌይሎን ጄኒንግስ ወንበሩን ለሪቻርድሰን ለቀቀለት፤ ሪቻርድሰን ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ግዙፍ ሰውም ስለነበር የአውቶቡሱ ወንበር አልመቸውም። ጊታሪስቱ ቶሚ ኦልሰፕና ቫለንስ ደግሞ ዘውድና ጎፈር ተጣጣሉ፤ ቫለንስ አሸነፈ። ቫለንስ አውሮፕላን የሚፈራ ልጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 1957፣ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው ስብርባሪው የሚማርበት ትምህርት ቤት ግቢ ላይ ወድቆ ተማሪዎች ሞተዋል። እሱ ያን ቀን አያቱን ሊቀብር ሄዶ ስለነበር ተረፈ። በፍርሃቱ ላይ ብርዱ በረታበት።

ሆሊ ጄኒንግስን «አውቶቡሳችሁ በብርድ ይድረቅ» ብሎ ሲቀልድበት፣ ጄኒንግስ «ያንተም አውሮፕላን ይከስከስ» ብሎ መለሰለት። ይህን ያወራው ራሱ ጄኒንግስ ነው፤ ከዚያ በኋላ 43 ዓመት ኖሯል፣ ትልቅ የካንትሪ ዘፋኝም ሆኗል፣ ያቺ ቀልድ ግን ለረጅም ዘመን እንቅልፍ ነስታዋለች። እንዲህ ዓይነቱን ቀልድ ሁላችንም በየቀኑ እንቀልዳለን፤ አውሮፕላኑ ስለማይከሰከስ ብቻ እንረሳዋለን።

የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ቦርድ ምርመራ ያገኘውም እንዲሁ ደረቅ ነገር ነው። ፒተርሰን በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ ለመብረር የሚያስችለው ፈቃድ አልነበረውም፤ ያ ሌሊት ደግሞ ዓይን የማይሠራበት ሌሊት ነበር። የአየር ጠባዩ እየከፋ መምጣቱን የሚገልጹት ማስጠንቀቂያዎች አልተነገሩትም። አውሮፕላኗ ውስጥ የነበረው የአግድመት ጠቋሚ መሣሪያ ደግሞ እሱ ከለመደው በተቃራኒ የሚያሳይ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ሲወርድ የሚወጣ መስሎት ሊሆን ይችላል። እዚህ ውስጥ ዕጣ ፈንታ የት ነው ያለው? እኔ አላየሁትም። የማየው የአውቶቡስ ማሞቂያ፣ ካርታ ያላየ የጊዜ ሰሌዳና እምቢ ማለት ያልቻለ የ21 ዓመት አብራሪ ነው።

ማሪያ ኤሌና የባሏን ሞት የሰማችው ከዜና ነው። ብዙም ሳይቆይ ፅንሱ ወረደ። የሟች ስም ቤተሰብ ሳይሰማ በዜና አይነገር የሚለው ልማድ እየጠበቀ የመጣው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ይነገራል። እኔ ደግሞ በየዓመቱ በዜና ቃና አነብበው ነበር።

አንዴ ይህን ካየሁ በኋላ ደብተሬን እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም። «በአሳዛኝ አደጋ» የምትለዋን ሐረግ እየተከተልኩ ከሥሯ ያለውን መቆፈር ጀመርኩ። የሚወጣው ሁልጊዜ ያው ነው፦ የነዳጅ መጠን፣ የሻንጣ ክብደት፣ ያልተሰረዘ ኮንሰርት። የካንትሪ ዘፋኟ ፓትሲ ክላይን በማርች 1963፣ በመኪና አደጋ ለሞተ የራዲዮ ሰው ቤተሰብ መርጃ ዘፍና ስትመለስ መጥፎ አየር ውስጥ ገብታ ሞተች፤ አብራሪው ሥራ አስኪያጇ ነበር፣ እሱም እንደ ፒተርሰን በመሣሪያ ለመብረር ፈቃድ የለውም። ሊነርድ ስኪነርድ የተባለው የሮክ ባንድ አውሮፕላን በኦክቶበር 20 ቀን 1977 ሚሲሲፒ ጫካ ውስጥ የወደቀው ነዳጅ አልቆበት ነው። ስድስት ሰው ሞተ፣ ሃያ ተረፉ። ኤሮስሚዝ የተባለው ባንድ ያንኑ አውሮፕላን ሊከራይ አስቦ ባለሙያው አይቶ አይሆንም ብሎ ነበር። የስኪነርድ አልበም ከአደጋው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ወጥቶ ሽፋኑ ላይ የባንዱ አባላት በእሳት ነበልባል ተከበው ይታያሉ፤ ይህን በራዲዮ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደነበር አስታውሳለሁ። የነዳጁን ነገር ግን አልጠቀስኩም። ሽፋኑ ይማርካል፣ ባዶ ነዳጅ ታንክ አይማርክም።

ዘፋኟ አሊያ ደግሞ 22 ዓመቷ ነበር። በኦገስት 25 ቀን 2001 ባሃማስ ውስጥ የቪዲዮ ቀረጻ ጨርሳ ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው። የመጣላት አውሮፕላን ትንሽ፣ ሰውና ዕቃው ብዙ። ሲነሳ ከሚፈቀደው ክብደት በላይ ጭኖ ነበር፤ ጭነቱም ወደ ኋላ ያጋደለ። ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ወደቀ፣ ዘጠኙም ሞቱ። አብራሪው ያን አውሮፕላን እንዲያበር አልተፈቀደለትም፤ በሰውነቱም ውስጥ አልኮልና ኮኬይን ተገኝቷል። ከነዚህ ሁሉ አንዲቷ ብቻ ብትቀር፣ አንድ ሰው ብቻ «ግማሹ ሻንጣ ነገ ይምጣ» ቢል…

ስለ ሶል ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእሱን አሟሟት ሳስብ የምሰማው የእሱን ድምፅ ሳይሆን የሌላ ሰውን ዝምታ ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 1967 ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ለኮንሰርት ሲሄድ አውሮፕላኑ ሞኖና ሐይቅ ውስጥ ገባ። ሬዲንግ 26 ዓመቱ ነበር። አብረውት የነበሩት ባር-ኬይስ የሚባለው ባንድ ልጆች ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ ማለት ይቻላል። ከስምንቱ ተሳፋሪዎች ሰባቱ ሞቱ። የተረፈው መለከት የሚነፋው ቤን ኮሊ ብቻ ነው። ዋና አይችልም። የወንበር ትራስ አቅፎ በረዶ በሚመስለው ውኃ ላይ ተንሳፈፈ፤ ጓደኞቹ ሲጣሩ ይሰማል፣ ሊደርስላቸው አይችልም፣ እየቆየ ድምፁ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። ሌላው የባንዱ አባል ጄምስ አሌክሳንደር አውሮፕላኑ ላይ ቦታ ስላልበቃ በሌላ በረራ ነበር የሚመጣው። እሱና ኮሊ በኋላ ባንዱን ከነስሙ እንደገና አቆሙት።

ሬዲንግ ከመሞቱ ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ስቱዲዮ ገብቶ ያልተለመደ፣ ቀስ ያለ፣ የባሕር ዳር ዘፈን ቀርጾ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ያፏጫል። የሥራ ባልደረባው ስቲቭ ክሮፐር ቅጂውን ያጠናቀቀው ከሞቱ በኋላ ነው፤ የማዕበልና የባሕር ወፍ ድምፅ አስገባበት። ዘፈኑ በ1968 በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው ዘፈን ሆነ። ሰዎች የመሞቻውን ፉጨት ሰማን ይላሉ። እኔ የምሰማው ጓደኛው ከውኃ ገና ያልወጣ፣ በውኃ የሞተውን ሰው ዘፈን በውኃ ድምፅ እንዲያስጌጥ የተገደደን አንድ ሰው ነው። ክሮፐር ያን ሥራ የሠራው አስከሬኑ እየተፈለገ ባለበት ሰሞን ነበር።

የወንበርን ነገር ካነሳሁ የክሊፍ በርተንን ልጨምር። ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነበር፣ 24 ዓመቱ። ሴፕቴምበር 1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ ሌሊት ሲጓዙ የትኛው አልጋ የማን እንደሚሆን ካርታ ሳቡ፤ በርተን አስ አወጣና የሚፈልገውን አልጋ መረጠ። በ27ኛው ቀን ማለዳ ዩንግቢ አካባቢ አውቶቡሱ ተንሸራትቶ ተገለበጠ፣ በርተን በመስኮት ተወርውሮ ከአውቶቡሱ ሥር ቀረ። ሹፌሩ መንገዱ ላይ በረዶ ነበር አለ። ዘፋኙ ጄምስ ሄትፊልድ በካልሲውና በውስጥ ሱሪው ያንን መንገድ በእግሩ ወደ ኋላ ሄዶ በረዶውን ፈለገ። አላገኘም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እንደ እሱ አድርጌ መሥራት የነበረብኝ ይመስለኛል፤ መንገዱን ተመልሶ መሄድ፣ በረዶ አለ ወይስ የለም ብሎ ማየት።

ሰው ግን በረዶ ይወዳል። ሃያ ሰባትን ይወዳል። ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ጃኒስ ጆፕሊን፣ ጂም ሞሪሰን፣ ከርት ኮቤይን፣ ኤሚ ዋይንሃውስ፣ ሁሉም በ27 ዓመታቸው፤ እኔም «የ27ቱ ክበብ» እያልኩ ከአንድም ሦስት ጊዜ ዝግጅት ሠርቼበታለሁ። በ2011 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ1956 እስከ 2007 በእንግሊዝ አንደኛ የወጣ አልበም የነበራቸውን 1,046 ሙዚቀኞች ተከታተለ፤ 71 ሞተዋል። በ27 ላይ የተለየ ነገር የለም። ያለው ሌላ ነው፦ ዝነኛ ሙዚቀኞች በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ሁሉ ከሌላው ሕዝብ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሞታሉ። ይህ ለሦስት ደቂቃ አይመችም። ቁጥሩ 27 ሲሆን ምትሃት ነው፤ ከ20 እስከ 39 ሲሆን የሥራ ቦታ ችግር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አፈ ታሪኩ ለበጎ ሐሳብ ይፈጠራል፤ ይህ ነው የሚያስቸግረው። ቤሲ ስሚዝ፣ የብሉዝ እቴጌ የሚሏት፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1937 ሚሲሲፒ ውስጥ ክላርክስዴል አቅራቢያ በመኪና አደጋ ሞተች። በሚቀጥሉት ወራት አንድ የሙዚቃ መጽሔት የነጮች ሆስፒታል አልቀበልም ስላላት ደሟ ፈስሶ እንደሞተች ጻፈ። ተውኔት እንኳ ተሠርቶበታል። እኔም አስተላልፌዋለሁ። አልነበረም። ቦታው ላይ በአጋጣሚ የደረሰ ሐኪም ነበር፣ አምቡላንስ ወደ ጥቁሮች ሆስፒታል ወሰዳት፣ እዚያ ሞተች። ሐኪሙ በኋላ እንዳለው በዚያ አካባቢ ጥቁር በሽተኛን ወደ ነጮች ሆስፒታል ልውሰድ ብሎ የሚያስብ የአምቡላንስ ሹፌር አልነበረም። እስቲ አስቡት። አፈ ታሪኩ በር ላይ ቆሞ የሚከለክል ክፉ ሰው ፈለገ። እውነቱ ግን ማንም በሩን እንኳ አላንኳኳም ነው። የቱ እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ።

መቃብሯ ለ33 ዓመት ያለ ድንጋይ ቆየ። በኦገስት 1970 ድንጋይ ሲቆምለት ወጪውን የሸፈኑት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ በልጅነቷ የቤሲን ቤት ትሠራ የነበረች ሴት፣ ሌላዋ ጃኒስ ጆፕሊን። ጃኒስ ከሁለት ወር በኋላ ሞተች።

አሁን ወደማልወደው ገጽ ልለፍ። እስካሁን ያወራሁት መድረክ ላይ ስለሚወጡት ነው። ደብተሬ ውስጥ የአድማጮች ሞት ትንሽ ነው ቦታው፣ ስም የላቸውምና፤ ቁጥር ናቸው።

ዲሴምበር 30 ቀን 2004፣ ቦነስ አይረስ፣ ክሮማኞን የሚባል ጭፈራ ቤት። የባንዱ ሙዚቃ ሲጀምር አንድ ሰው ርችት ለኮሰ፤ እሳቱ ጣራው ላይ የተዘረጋውን የሚነድ ነገር ያዘ፤ የአደጋ ጊዜ በር ተቆልፎ ነበር። 194 ሰው ሞተ። ጃንዋሪ 27 ቀን 2013፣ ሳንታ ማሪያ፣ ብራዚል፣ ኪስ የሚባል ጭፈራ ቤት። ባንዱ መድረክ ላይ ርችት ለኮሰ፤ ድምፅ ለማፈን ጣራው ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ተያያዘ። 242 ሞቱ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች። ጠባቂዎቹ መጀመሪያ ሰዉ ሒሳብ ሳይከፍል የሚወጣ መስሏቸው በር ላይ ያዙት ብለው የተረፉት ተናግረዋል። ኦክቶበር 30 ቀን 2015፣ ቡካሬስት፣ ኮሌክቲቭ። ርችት፣ ስፖንጅ፣ ጠባብ መውጫ። 64። ከባንዱ አምስት አባላት የተረፈው ዘፋኙ ብቻ ነው። በማርች 2025 ሰሜን መቄዶንያ፣ ኮቻኒ። ርችት። ከ59 ያላነሰ ሰው።

ከነዚህ ሁሉ በፊት የተጻፈ አንድ ነበር። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003፣ ሮድ አይላንድ፣ ዘ ስቴሽን። ግሬት ዋይት የሚባለው ባንድ ዘፈን ሲጀምር ርችት ተለኮሰ፣ ስፖንጁ ያዘ፣ ከስድስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቤቱ በሙሉ ነበልባል ሆነ። የባንዱን ጊታሪስት ጨምሮ 100 ሰው ሞተ። ከሦስት ቀን በፊት ቺካጎ አንድ ጭፈራ ቤት ውስጥ በመረጋገጥ 21 ሰው ሞቶ ስለነበር፣ ዘ ስቴሽን ውስጥ ያን ሌሊት አንድ የቴሌቪዥን ካሜራማን ነበር፤ የመጣው ስለ ጭፈራ ቤቶች ደኅንነት ዘገባ ሊቀርጽ ነው። እሳቱ ሲነሳ ካሜራውን ሳያጠፋ ወጣ። ምስሉ አለ። አንዴ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አላይም። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ የሚስቁ ናቸው፤ እሳቱ የትርዒቱ አካል መስሏቸዋል። ከውጭ ሲታይ በሩ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደርቦ ነው።

ያንን ቀረጻ የእሳት ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ያስተምሩበታል። ስፖንጁ እንዴት እንደሚነድ፣ ሰው ሁልጊዜ በገባበት በር ለመውጣት እንደሚሮጥ፣ ሁሉም ተጽፏል፣ በ2003። ከዚያ ቦነስ አይረስ፣ ከዚያ ሳንታ ማሪያ፣ ከዚያ ቡካሬስት፣ ከዚያ ኮቻኒ። በደብተሬ ውስጥ ግን አምስቱም በአምስት የተለያዩ ገጾች ላይ ናቸው፤ ቀናቸው ስለሚለያይ። የቀን መቁጠሪያ ክፋቱ ይህ ነው። ኦቲስ ሬዲንግን ዲሴምበር 10 ላይ፣ ዘፋኙን ሳም ኩክን 11 ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፣ አንዱ በውኃ አንዱ በጥይት የሞቱ የማይገናኙ ሰዎች፤ አንድ ዓይነት ርችት የገደላቸውን ግን በታትኖ ይጽፋቸዋል።

ሲንሲናቲም አለች። ዲሴምበር 3 ቀን 1979፣ ዘ ሁ የሚባለው ባንድ ሊጫወት ነው፤ ወንበር ቁጥር የለውም፣ ቀድሞ የገባ ይቀድማል። ሕዝቡ ብርድ ላይ ለሰዓታት ቆሟል፣ የተከፈቱት በሮች ጥቂት ናቸው። ከውስጥ የመሣሪያ መፈተሻ ድምፅ ሲሰማ ኮንሰርቱ የተጀመረ መሰላቸው። አሥራ አንድ ወጣቶች ቆመው ታፍነው ሞቱ። ባንዱ ግን ተጫወተ። ሕዝቡ ካወቀ ይረበሻል ተብሎ ለሙዚቀኞቹ አልተነገራቸውም፤ መጨረሻውን ዘፈን ተጫውተው ሲወርዱ ነው የሰሙት። ውስጥ ያለው ሺህ ሰው ይጨፍራል፣ ደጁ ላይ ባለቤት ያጣ ጫማ ተበትኗል።

ትርዒቱ ይቀጥላል የሚለውን አባባል ድሮ እወደው ነበር። ቦብ ማርሊ በሴፕቴምበር 21 ቀን 1980 ኒውዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በእግሩ ጣት ላይ የተገኘው የቆዳ ካንሰር አንጎሉ መድረሱ ታወቀ። በሁለተኛው ቀን፣ በ23፣ ፒትስበርግ ላይ መድረክ ወጣ። የመጨረሻው ኮንሰርቱ ያ ነበር። እኔ ይህን እንደ ጀግንነት ነበር የማወራው። ምናልባት ነው። ራሱ ፈልጎ ሊሆንም ይችላል፤ ሚርያም ማኬባ በ2008 ጣልያን ውስጥ ለተገደሉ አፍሪካውያን ስደተኞች ዘፍና ከመድረክ እንደወረደች ስትሞት፣ ፓፓ ዌምባ በ2016 አቢጃን መድረክ ላይ ሲወድቅ፣ ሌላ ቦታ መሆን አይፈልጉም ነበር ብዬ ልከራከር እችላለሁ። አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ያለበት የ35 ዓመት ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው የኮንሰርት ቀኖቹን ከሰሌዳ ላይ የሚሰርዝለት ሰው ነው።

ፌብሩዋሪ 3 ማታ፣ ሦስቱ የሞቱበት ቀን ማታ፣ ሊደርሱባት በነበረችው በሙርሄድ ከተማ ኮንሰርቱ አልተሰረዘም። ክፍተቱን ለመሙላት የአካባቢው ልጆች ይምጡ ተባለ፤ መጡ። አንዱ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፣ በኋላ ቦቢ ቪ ተብሎ የታወቀው። መድረክ አስተዋዋቂው የባንዳችሁ ስም ማነው ሲላቸው ስም አልነበራቸውም፤ እዚያው ቆመው ሻዶውስ አሉ። ዌይሎን ጄኒንግስ የሆሊን ዘፈኖች ዘፈነ። በማግሥቱ አውቶቡሱ ወደ ቀጣዩ ከተማ ተነሳ።

ድራመሩ ካርል በንች ያን ጊዜ አሁንም ሆስፒታል ነው፣ እግሮቹ ተጠቅልለው። አውሮፕላኑ ላይ እንዲሳፈሩ ጓደኞቹን የገፋቸው ብርድ እሱን አልጋ ላይ አስተኝቶ አስቀረው። ስሙን በሦስት ደቂቃዬ ውስጥ አንድም ጊዜ አላነሳሁትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ እግሩ ሲሻለው ቡድኑን ተከትሎ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። የሚጫወቱባቸው ከተሞች ገና አላለቁም ነበር።